ተከፍሎኝ በሰው ቤት ስዘምር

ጴንጤ ነኝ። እሑድ ጠዋት የምዘምረው ግን ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው፤ ያውም ተከፍሎኝ። የጀመርኩት ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ነው፤ አራት ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት ወራት ቀርተውታል። ሰሞኑን እዚሁ ባሕር ዳር ያሉ ሁለት ልጆች ተመሳሳይ ጥያቄ ይዘው መጡ። አንዱ ኪቦርድ ይጫወታል፤ ከእሱ እምነት ውጭ የሆነ ቤተ ክርስቲያን "ና ተጫወትልን፣ እንከፍልሃለን" ብሎታል። ሌላዋ ጎበዝ ድምፃዊት ናት፤ እሷንም እንዲሁ ጠይቀዋታል። ሁለቱም ቀድመው የጠየቁኝ ስለ ብሩ ነው። እኔም ያኔ መጀመሪያ ያሰብኩት ስለ ብሩ ነበር። አሁን ሳየው ብሩ ቀላሉ ነገር ነው። የከበደኝን ልንገራችሁ።

ነገሩ የተጀመረው በሠርግ ነው። መተዳደሪያዬ ልጆችን ኪቦርድና ድምፅ ማስተማር ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ በራሴ ቤተ ክርስቲያን ኳየር ውስጥ አልቶ ነበርኩ። የጓደኛዬ ሠርግ ላይ ስዘምር የሰሙኝ አንድ ሰው ከሳምንት በኋላ ደወሉልኝ። የካቶሊክ ቁምስና (አጥቢያ) ሽማግሌ ናቸው። "መዘምራኖቻችን ልጆች ናቸው። የሚያሠለጥናቸውና አብሯቸው የሚዘምር ሰው እንፈልጋለን፤ ለልፋትሽ እንከፍላለን" አሉኝ። እኔ ጴንጤ ነኝ አልኳቸው። "እናውቃለን ልጄ፤ አባም ያውቃሉ" አሉ። በዚህ ረካሁ። ያወቁት ግን ስሙን ብቻ ነበር። ጴንጤ ስሆን የትኛውን ቃል እንደምል፣ የትኛው ላይ አፌ እንደሚያዝ አያውቁም። እኔም አልነገርኳቸውም።

ሥራውን ስይዝ የጠበቅኩት ኦርጋንና ላቲን ነበር። ሄጄ ሳየው ሌላ ነው። እዚህ አካባቢ ያሉት ካቶሊኮች የሚቀድሱት በግእዝ ሥርዓት ነው። የባሕር ዳርና ደሴ ሀገረ ስብከታቸው የተቋቋመው በ2007 ዓ.ም. ነው። ሕዝባቸው ብዙ አይደለም። ዓይኑን ጨፍኖ የሚሰማ ሰው ኦርቶዶክሶቹ ጋ፣ ጊዮርጊስ ቅዳሴ የገባ ሊመስለው ይችላል። ያው ከበሮ፣ ያው ጸናጽል፣ ያው ነጠላ። ልዩነቱ የሚሰማው ለሮማው ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሲጸለይ ነው። ገናን ታኅሣሥ 29፣ ፍልሰታን ነሐሴ 16 ቀን ያከብራሉ፤ እንደ ጎረቤቱ ሁሉ።

የመጀመሪያው ልምምድ ላይ ጥሩ የሠራሁ መስሎኝ ብዙ አበላሸሁ። በእኛ ኳየር መዝሙር ማለት ሶፕራኖ፣ አልቶ፣ ቴነር፣ ቤዝ ነው። 14ቱን ልጆች በአራት ከፈልኳቸውና ሁለት ሰዓት ሙሉ ለፋን። ያለማመድኳቸው ከቅዳሴው ውስጥ ያለውን "ቅዱስ ቅዱስ ቅዱስ እግዚአብሔር ፀባዖት" የሚለውን ነበር። ሲጨርሱ ልጆቹ ራሳቸው ደስ አላላቸውም፤ ለምን እንደሆነ ግን መናገር አልቻሉም። ዜማውን የሚያውቅ አንድ ዲያቆን ከኋላ ቆሞ ሲያዳምጥ ነበር። መጣና በትሕትና "እህቴ፣ ይሄ ዜማ በእግሩ ይሄዳል። ለምን ክራንች እንሰጠዋለን?" አለኝ።

ያን ቀን ተከፋሁ። በኋላ ነው የገባኝ። የያሬድ ዜማ ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ በሚባሉ ሦስት የዜማ ዓይነቶች ነው የሚሄደው። ከፊደሉ በላይ ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ድፋት፣ ጭረት የሚባሉ ምልክቶች አሉት። ርክርክ የሚለው ላይ ድምፁ በጉሮሮ ይንቀጠቀጣል፤ ኪቦርድ ላይ ላወጣው ብዬ ሦስት ቀን ታገልኩ። አይወጣም። በሁለት ቁልፍ መካከል የሚያርፍ ድምፅ አለ፤ ጣት አይደርስበትም። ከዚያ በኋላ ለቅዳሴው ክፍል ኪቦርዱን መዝጋት ለመድኩ። ቢበዛ መነሻዋን ድምፅ እሰጣለሁ፤ ከዚያ ከበሮው ይመራል። በአማርኛ የሚዘመሩት መዝሙሮች ግን በትዝታም በባቲም ቅኝት ስለሆኑ እዚያ ኪቦርዱ ይሠራል፤ አጃቢ ድምፅም ይቀበላሉ።

ለሙዚቃ ባለሙያ አንድ ምክር እዚህ ላይ አለኝ። ወር ሙሉ ምንም አትቀይሩ። ስልካችሁን አውጡና ቅረጹ፤ ቤት ሄዳችሁ ደጋግማችሁ ስሙ። እኔ ቅጂዎቹን ስልኬ ላይ በማስቀመጤ በኋላ በጣም ጠቀመኝ፤ ዳታ በተዘጋባቸው ወራት ሌላ መማሪያ አልነበረኝም። ደግሞ ሕዝቡ በምን ከፍታ እንደሚዘምር ለዩ። እኔ ለድምፄ የሚመቸኝን ቁልፍ ይዤ ስጀምር ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ የመጡ አባቶችና እናቶች መድረስ አልቻሉም፤ ዝም ብለው ቆሙ። ሰው ዝም ካለ እኔ የተቀጠርኩበት ሥራ አልተሠራም ማለት ነው። አንድ ሙሉ ድምፅ ተኩል ዝቅ ሳደርገው ቤቱ ተከፈተ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ።

ከታኅሣሥ እስከ ሐምሌ ድረስ የማርያም መዝሙር ሲመጣ ብልሃት ነበረኝ። ኪቦርድ ላይ አቀረቅራለሁ፤ ከንፈሬን አንቀሳቅሳለሁ፤ ድምፅ አላወጣም። አንዳንዴ ደግሞ ቃሉን በልቤ እቀይረዋለሁ፤ ማርያም የሚለው ላይ ኢየሱስ እላለሁ። ማንም አይሰማም። ይህን ያህል ጊዜ እንዲህ መኖሬን አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል። "አባታችን ሆይ" ሲባል በሙሉ ድምፄ እጸልያለሁ፤ ወዲያው ተያይዞ ሰላመ ገብርኤል ሲመጣ ድምፄ ይጠፋል። አጠገቤ የሚቆሙት ልጆች ያስተውሉ ነበር። ልጆች ሁሉን ያያሉ። አንዷ "ቲቸር፣ ለምን አትቆርቢም?" ብላ ጠይቃኛለች። "ስለምጫወት ነው" አልኳት። ይሄም ውሸት ነው።

ነሐሴ 2014 ዓ.ም. ፍልሰታ ገባ። እኛ ቤት የፍልሰታ ጾም የለም፤ ስለዚህ ምን ያህል ትልቅ በዓል እንደሆነ ያደግኩት ከጎረቤት በማየት ነው። ሁለት ሳምንት ሙሉ የማርያም መዝሙር እንደሚበዛ አውቅ ነበር። ሌላ ሰው ይመራዋል ብዬ ተስፋ አድርጌ ዝም አልኩ። የበዓሉ ዕለት ጠዋት፣ ቤቱ ሞልቶ፣ ከአስተባባሪዎቹ አንዷ ወረቀት ሰጠችኝ። "ይሄን አንቺ ነሽ የምትመሪው፤ ድምፅሽ ይመጥነዋል" አለችኝ። በፍቅር ነው ያለችው። አልችልም ለማለት ሠላሳ ሰከንድ ነበረኝ። አላልኩም።

ጀመርኩ። የመጀመሪያው አንቀጽ የመልአኩ ሰላምታ ነው፤ እሱን ዘመርኩት። ሁለተኛው ላይ "ለምኝልን" የሚል ቃል ሲመጣ ድምፄ ቆመ። ላስወጣው ብል እምቢ አለኝ። እጄ መጫወቱን አላቆመም። ስንት ሰከንድ እንደሆነ አላውቅም፤ ለእኔ በጣም ረጅም ነበር። ሰው ያለቀስኩ መሰለው። ከፊት ወንበር አንዲት እናት ተነሥተው ከቆምኩበት ቃል ላይ ቀጠሉት። ሕዝቡ ተቀበላቸው። መዝሙሩ አለቀ።

ከቅዳሴ በኋላ እኚያ እናት መጥተው እጄን ያዙኝ። "ታመሽ ነው ልጄ?" አሉኝ። "አዎ፣ ትንሽ አሞኝ ነው" አልኳቸው። ቦርሳቸውን ከፍተው ዝንጅብል ሰጡኝ።

ያ ዝንጅብል አላስተኛኝም። መዝሙሩን ማቋረጤ ሳይሆን ያቺ "አዎ" የምትለዋ ቃል ናት የከነከነችኝ። የማላምንበትን ቃል በአፌ ላለማለት ብዬ ለአንዲት ቅን ሴት ዋሽቻለሁ። ሰኞ ጠዋት ወደ አባ ሄድኩ። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ከንፈር ማንቀሳቀሱንም፣ ስም መቀየሩንም።

አባ ብዙ ጊዜ የማይቆጡ ሰው ናቸው። ስም መቀየሩን ስነግራቸው ግን ፊታቸው ተለወጠ። "እሱን ሁለተኛ እንዳታደርጊ" አሉ። "ዝም ማለት ያንቺ መብት ነው። የሰዉን ጸሎት ከውስጥ መለወጥ ግን ያንቺ አይደለም።" ከዚያ ትንሽ ዝም ብለው "ጥፋቱ የእኔም ነው። ስትመጪ ጴንጤ መሆንሽን ሰማሁ፤ ምን ትዘምሪያለሽ፣ ምን አትዘምሪም ብዬ አልጠየቅኩሽም። ታኅሣሥ ላይ ብንነጋገር ሻይ ጠጥተን ሳንጨርስ የሚያልቅ ነገር ነበር" አሉ።

ተቀምጠን ተነጋገርን። የሉቃስን ወንጌል ምዕራፍ አንድ ከፈቱ። የመልአኩ ሰላምታ፣ "ደስ ይበልሽ፥ ጸጋ የሞላብሽ ሆይ" የሚለው፣ እዚያው አለ። "ይሄን ትያለሽ?" አሉኝ። እላለሁ፣ የመጽሐፍ ቅዱስ ቃል ነው አልኩ። "ለምኝልን የሚለውስ?" እሱን አልልም። "እሺ" አሉ። ለካ መስመሩ በአንድ ጸሎት መሃል ሊያልፍ ይችላል። እኔ ስምንት ወር ሙሉ የማርያም መዝሙር በሙሉ የእኔ አይደለም ብዬ በጅምላ ጥዬው ነበር። ገጹን ገልበጥ አድርገው የእመቤታችንን የራሷን ጸሎት አሳዩኝ፤ "ነፍሴ ጌታን ታከብረዋለች" የሚለውን። በግእዙ "ታዐብዮ ነፍስየ ለእግዚአብሔር" ይላል። ያን በሙሉ ልቤ እዘምራለሁ። በልጅነቴ በቃሌ የያዝኩት ምዕራፍ ነው።

ግማሽ ገጽ ወረቀት ጻፍን። እኔም እሳቸውም ፈረምንበት። መዝሙረ ዳዊትን፣ ቅዱስ ቅዱስ የሚለውን፣ ሃሌ ሉያውን፣ ለክርስቶስ የሚቀርበውን ሁሉ እዘምራለሁ። ለእመቤታችንና ለቅዱሳን ልመና የሚቀርብባቸውን መዝሙሮች እጫወታለሁ፤ አልዘምርም፤ የሚመራቸው ሌላ ሰው ይሆናል። ለሙታን በሚጸለየው ላይ እጄንም ድምፄንም አሳርፋለሁ። አልቆርብም። ሲቆሙ እቆማለሁ፤ ሲሰግዱ አንገቴን ዝቅ አድርጌ ባለሁበት እሆናለሁ። ከእኔ በኩል ደግሞ የመዝሙር ቃል አልቀይርም፤ ልጆቹን ስለ እምነታቸው አልከራከርም፤ በልምምድ ሰዓት ስለ ቤተ ክርስቲያኔ አልሰብክም። ይህችን የመጨረሻዋን እኔ ነኝ እንድትገባ የጠየቅኩት። 14 ልጆች ወላጆቻቸው አምነው ሰጥተውኛል። እኔ ልጅ ቢኖረኝና ሌላ ሰው እንዲህ ቢያደርግብኝ አልወድም።

እባካችሁ ይህን ወረቀት ከመጀመሪያው ልምምድ በፊት ጻፉ። ኦርቶዶክስ ከሆናችሁ ደግሞ ቀድማችሁ የነፍስ አባታችሁን አማክሩ። "አይሆንም" ሊሏችሁ ይችላሉ፤ በሌላ ቤት ጸሎት መቆም በብዙ አባቶች ዘንድ የሚፈቀድ አይደለም። ያን መልስ ሥራውን ሳትይዙ መስማት ይሻላል። አንድ ሰው ድምፅ ማሠልጠንን ብቻ ሊቀበል ይችላል፤ ልምምድ ላይ ተገኝቶ እሑድ ላይቆም ይችላል። እንዲህ የሚሠሩም አሉ። ለእያንዳንዱ ሰው መስመሩ የተለያየ ቦታ ላይ ነው። የእኔን ገልብጣችሁ አትውሰዱት።

እኚያን እናት ፈልጌ አገኘኋቸው። ገበያ ውስጥ በርበሬና ቅመም ይሸጣሉ። "እማማ፣ ያን ቀን አላመመኝም ነበር" አልኳቸውና እውነቱን ነገርኳቸው። ዝም ብለው በርበሬውን እያገላበጡ ሰሙኝ። ከዚያ "ቀድመሽ ብትነግሪኝ ኖሮ ቀድሜ እጀምርልሽ ነበር" አሉኝ። ሌላ ነገር አላሉም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰላምታችን ሌላ ነው።

ቤተሰቤ ዘንድ ያለው ነገር ለብቻው ነው። እናቴ ኦርቶዶክስ ናት። አያቴ ቆብ ደፍተዋል፤ ሁላችንም እማሆይ ነው የምንላቸው። ዘጌ ነው የሚኖሩት፣ ቡናው ጫካ ውስጥ። እኔ ወንጌል ስቀበል ብዙ አልቅሰዋል፤ ዓመታት ፈጅቶ ነው የታረቅነው። ይሄኛውን ወሬ ከሌላ ሰው እንዳይሰሙ ብዬ ቅዳሜ ጠዋት በጀልባ ተሻገርኩ። ቡና እየተፈላ ነገርኳቸው።

"ካቶሊክ?" አሉ። ስኒውን አስቀመጡት። "ልጄ፣ የካቶሊክ ነገር ለዚህ ሐይቅ ደም ነው። ሱስንዮስን አታውቂም?"

አውቃለሁ። ታና ዳር ላደገ ሰው የሱስንዮስ ነገር የመጽሐፍ ታሪክ ብቻ አይደለም። ፔድሮ ፓኤዝ የተባለው የኢየሱሳውያን (የካቶሊክ ማኅበር) ካህን ጎርጎራ ላይ ተቀምጦ ንጉሡን ወደ ካቶሊክ አመጣ፤ አገር በጦርነት ተጫረሰ። በመጨረሻ በ1624 ዓ.ም. ሱስንዮስ ዙፋኑን ለልጁ ለፋሲል ለቀቀ። "ፋሲል ይንገሥ፣ ሃይማኖት ይመለስ" የሚለውን እማሆይ ትናንት የሰሙት ነው የሚመስለው። ሁላችሁም እዚህ አካባቢ እንዲህ ያለ ሥራ ስትይዙ ይህን አስቡ። ሰዉ የሚያየው እናንተን ብቻ አይደለም፤ አራት መቶ ዓመት ከኋላችሁ ቆሟል። የሽማግሌ ቁጣ ሲገጥማችሁ ቶሎ አትከፉ።

ቡናው ሁለተኛ እስኪደርስ ዝም አሉ። ከዚያ ያልጠበቅኩትን ጥያቄ ጠየቁኝ። "ማርያምን ይጠራሉ?"

"አዎ እማሆይ፣ ይጠራሉ። እንደ እናንተው።"

"አንቺስ?"

"እኔ እዚያ ላይ ዝም እላለሁ። ተነጋግረናል፤ ተፈራርመናል።"

ረጅም ጊዜ አዩኝ። "እሷን በሚጠሩበት ቤት ቆመሽ ዝም" አሉ። አልተቆጡም። ያሳዘናቸው የካቶሊክ ቤት መግባቴ ሳይሆን እዚያ ቤት ውስጥ ዝም የምልባት ቦታ መሆኗ ነበር። ምን እንደምመልስ አጣሁ። እስከ ዛሬም መልስ የለኝም። ስሄድ ግን እንደ ወትሮው እስከ ወደቡ ሸኙኝ፤ አንድ ኪሎ ቡናም በፌስታል አስያዙኝ።

በራሴ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ሽማግሌዎች ጠሩኝ። ከመካከላቸው አንዱ ጠንካራ ቃል ተናገሩኝ፤ እዚህ አልደግመውም። ወረቀቱን አሳየኋቸው። ሁለቱ አንብበው ዝም አሉ። ውሳኔው ለጊዜው ከኳየር እንዳርፍ ነበር። ሰባት ወር ከሕዝቡ ጋር ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ጎድቶኛል፤ ያደግኩበት መድረክ ነው። አሁን ተመልሻለሁ፤ ሆኖም እንደ ድሮው የማያናግሩኝ ሰዎች አሉ። አስቀድሜ እኔ ራሴ ሄጄ ብነግራቸው ኖሮ እንዲህ ባልከረረ ነበር ብዬ አስባለሁ። ከሰው ነው የሰሙት። ያ የእኔ ጥፋት ነው።

ማንም ያልነገረኝ ሌላ ጉዳት አለ። ቅዳሴው አንድ ሰዓት ላይ ይጀምርና ሦስት ሰዓት አካባቢ ያልቃል። የእኛ አምልኮ የሚጀምረው ሦስት ሰዓት ነው። በባጃጅ እየበረርኩ ስደርስ መዝሙሩ አልቆ ስብከት ተጀምሯል። እንዲህ እያለ አንድ ዓመት አለፈ። አንድ ቀን ቤት ውስጥ ዕቃ እያጠብኩ ለመዘመር አፌን ስከፍት ድምፄ የሥራ ዕቃ ሆኖ ተሰማኝ። ትንፋሼን እየቆጠርኩ፣ ቁልፉን እየመረጥኩ ነበር። ለራሴ የምዘምርበት ሰዓት ጠፍቶብኛል። ደነገጥኩ። አሁን ረቡዕ ማታ የጸሎት ፕሮግራም አያልፈኝም። ከኋላ እቀመጣለሁ፤ ማይክ አልይዝም፤ ከሳትኩም እስታለሁ። ይህን ሥራ ከያዛችሁ የማይከፈላችሁ አንድ ሰዓት በሳምንት ውስጥ አስቀምጡ። ለማንም አትስጡት። ነሐሴ 2015 ዓ.ም. ሰዓት እላፊ ሲታወጅ የማታው ሁሉ ቀረ። ልምምዱን ወደ ቅዳሜ ከሰዓት አዞርነው፤ የእኔን ረቡዕ ግን የማዞርበት ስላልነበረኝ ቤት ውስጥ ብቻዬን ዘመርኩ። ያኔ ነው ምን ያህል እንደሚያስፈልገኝ ያወቅኩት።

ስለ ብሩ ላውራ፤ ጠይቃችሁኛልና። መጀመሪያ ስንት እንደሆነ አልጠየቅኩም። ለእግዚአብሔር ቤት ሥራ ዋጋ መጥራት ነውር መሰለኝ። ሦስት ወር ሙሉ አንዳንዴ ፖስታ ይሰጡኛል፣ አንዳንዴ አይሰጡኝም፤ እኔም ቅር እያለኝ ዝም። በኋላ አፍ አውጥቼ ጠየቅኩና በወር 3,000 ብር ተስማማን፤ አሁን 4,500 ነው። ለሠርግ ለብቻው 2,000 ይከፈለኛል፤ እሱም ከቤተሰቡ እጅ ሳይሆን በቁምስናው በኩል። ከሙሽራ ቤተሰብ ጋር በዋጋ መከራከር ደስ አይልም። ለቀብር አልቀበልም። ይህ የእኔ ምርጫ ነው፤ እናንተ ብትቀበሉ ግን ተሳሳታችሁ አልልም፤ ያም የሥራ ቀን ነው። ስትታመሙ ይቆረጣል ወይ? ትራንስፖርት በማን ነው? ክረምት ላይ ልጆች ወደ ዘመድ ሲሄዱስ? እነዚህን በቃል ሳይሆን በዚያው ወረቀት ላይ አስፍሩ።

አሁን በቴሌብር ነው የሚልኩልኝ። የመጀመሪያው ፖስታ ግን ትዝ ይለኛል። ቤት ሄጄ ስከፍተው አሥር ብር፣ አምሳ ብር፣ የተጨማደደ አምስት ብር ነበር። ከሙዳየ ምጽዋት በቀጥታ የወጣ ነው። በርበሬ የሚሸጡት እናት ያስገቧትም አምስት ብር እዚያ ውስጥ ልትኖር ትችላለች። ከዚያ ቀን ወዲህ አርፍጄ አላውቅም። ሳልለማመድም ሄጄ አላውቅም።

ቀብር ላይ የማደርገው ይህ ነው። ፍትሐት ሲደረስ ዝም እላለሁ፤ ከዚያ በፊት ግን ዳዊት እዘምራለሁ። "እግዚአብሔር እረኛዬ ነው፥ የሚያሳጣኝም የለም" የሚለውን ስጀምር የሟች ቤተሰብ ካቶሊክ ይሁን፣ ለቀስተኛው ኦርቶዶክስ ይሁን፣ ጴንጤ ይሁን ሁሉም ያውቀዋል። የዕድርተኛው ሽማግሌ ጭምር ከበር ላይ ሆኖ ይቀበላል። ምን እንደምትዘምሩ ግራ ሲገባችሁ ወደ ዳዊት ሂዱ።

ዘንድሮ ፍልሰታ ላይ የማርያምን መዝሙር የመራችው ከማሠለጥናቸው ልጆች አንዷ ናት፤ ያቺ "ለምን አትቆርቢም" ብላ የጠየቀችኝ። አሁን 15 ዓመቷ ነው፤ ላለመቁረቤ ምክንያቱንም ነግሬያታለሁ። እሷን ማሠልጠን ራሱ አሳስቦኝ ነበር። የማልዘምረውን መዝሙር ለሌላ ሰው ማስተማር ከመዘመር በምን ይለያል? ከባለቤቴ ጋር ሁለት ማታ ተነጋገርንበት። በመጨረሻ ዜማውን በ"ላ ላ" አስተማርኳት፤ ትንፋሹን፣ የት ከፍ የት ዝቅ እንደሚል። ቃሉን ዲያቆኑ አስተማራት። ጸሎቱ የእሷ ነው፤ ጉሮሮዋን መንከባከብ የእኔ ሥራ ነው። ለሌላ ሰው ይህ አይዋጥለት ይሆናል። እኔ ተኝቼበታለሁ።

የበዓሉ ዕለት መጀመሪያ "ነፍሴ ጌታን ታከብረዋለች" የሚለውን ዘመርኩ። ቀጥሎ እሷ ወደ ፊት ወጣች። እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር። እናት በርበሬ ሻጯ ከፊት ወንበር አሉ፤ ልጅቷ ብትቆም ለመነሣት የተዘጋጁ ይመስላሉ። ዞራ አየችኝ። መነሻውን ድምፅ ሰጠኋትና እጄን ከኪቦርዱ ላይ አነሣሁ።